የሰሜን ሸዋን ፎቶዎች በራስ ሰርቨር ላይ በአልበም ማኖር፦ ከኢንጂንኤክስ ማስተካከያ እስከ መጠባበቂያ ቅጂ

ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ከጥምቀት ጀምሮ ባሉት የጥር ሰርጎች የሚያነሣው ፎቶ በሺዎች ሊቆጠር ይችላል። ፎቶው በካሜራው ካርድ፣ በፍላሽና በአንድ ሃርድ ዲስክ ተበታትኖ ይከርማል። ሙሽሮቹ ሲጠይቁ በቴሌግራም ይላክላቸዋል፤ እንደ ፎቶ የተላከው ምስል ግን መጠኑ ስለሚቀንስ በትልቁ ለማሳተም አይበቃም። የመንዝ ጓሳን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ፣ የታርማበርን ገደል ወይም የአንኮበርን ተራራ ለዓመታት ሲያነሡ የኖሩ ሰዎችም ችግራቸው ይኸው ነው። ይህ መመሪያ እንዲህ ያሉትን ፎቶዎች በራስ አድራሻና በራስ ሰርቨር ላይ በአልበም አደራጅቶ ለማኖር የሚያስፈልገውን ሥራ በቅደም ተከተል ያሳያል።

ሥራው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው። ከካሜራው የወጣው ዋናው ፎቶ እና ተመልካቹ በስልኩ የሚከፍተው ቅጂ ተለያይተው መያዝ አለባቸው፦ ዋናው ከባድና የማይተካ ስለሆነ ይቆለፋል፤ ቅጂው ቀላልና በማንኛውም ጊዜ እንደገና ሊሠራ የሚችል ስለሆነ ይታያል። ሰርቨሩ ላይ የምንነካቸው ማስተካከያዎች አብዛኞቹ ይህን ልዩነት ለማስከበር የሚደረጉ ናቸው።

የትእዛዞችንና የማስተካከያ መስመሮችን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌአለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

ሰርቨሩን መምረጥና ማዘጋጀት

ሰርቨሩን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። መብራት በጠፋ ቁጥር አልበሙም አብሮ ይጠፋል፤ በሞባይል ዳታ በሚሠራ ግንኙነት ደግሞ ከውጭ የሚደረስበት የራስ የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ አነስተኛ ሰርቨር ተከራይቶ ፎቶ ቤቱ ያለውን ኮምፒውተር ለማዘጋጃና ለመጠባበቂያ ቅጂ መጠቀም የተሻለ ነው።

የሚከራዩትን መጠን በስሌት ይወስኑ። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሣ አንድ ጄፔግ ፎቶ በግምት 10 ሜጋባይት ይመዝናል ብንል፣ 3,000 ፎቶ 30 ጊጋባይት ይወስዳል። ትናንሾቹ ቅጂዎች፣ የዳታቤዙና የሲስተሙ ፋይሎች ሲጨመሩ 60 ጊጋባይት ዲስክ ለመነሻ ይበቃል። ሚሞሪው ከ2 ጊጋባይት ባያንስ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ።

እዚህ የምገልጸው ኡቡንቱ 24.04 የተባለው የሊኑክስ ሲስተም በተጫነበት ሰርቨር ላይ ነው። የዌብ ሰርቨሩ ሶፍትዌር ኢንጂንኤክስ ነው። ከ1995 ጀምሮ የኖረው አፓቺም ይህን ሥራ ይሠራል፤ በ2004 ለሕዝብ የተለቀቀውን ኢንጂንኤክስን የመረጥኩት ብዙ ትናንሽ የምስል ፋይሎችን በአነስተኛ ሚሞሪ ለብዙ ተመልካች ማድረስ ስለሚችል ነው። የአልበሙ ፕሮግራም ደግሞ ፒዊጎ ነው። ፒዊጎ በ2002 የተጀመረ፣ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ክፍት የሆነ፣ በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሲሆን የፎቶዎቹን መረጃ በማይኤስኪውኤል ወይም በማሪያዲቢ ዳታቤዝ ውስጥ ይይዛል።

በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ በ«አፕት» አማካይነት ኢንጂንኤክስን፣ ማሪያዲቢ ሰርቨርን፣ ፒኤችፒን ከኢንጂንኤክስ ጋር የሚያሠራውን የፒኤችፒ-ኤፍፒኤምን ጥቅል፣ ከፒኤችፒ ተጨማሪዎች ማይኤስኪውኤልን፣ ጂዲን፣ ኤምቢስትሪንግንና ኤክስኤምኤልን፣ በመጨረሻም ምስል የሚያሳንሰውን ኢሜጅማጂክን ይጫኑ። በዚህ ኡቡንቱ የሚመጣው ፒኤችፒ 8.3 ነው። ዳታቤዙን ሲፈጥሩ የፊደል ስብስቡ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ በአማርኛ የተጻፉ የአልበም ርእሶች በጥያቄ ምልክት ተተክተው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ለአልበሙ የተለየ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ይፍጠሩለት፤ ሙሉ ሥልጣን ባለው በ«ሩት» ስም ፈጽሞ እንዳይገናኝ።

የፒዊጎን ፋይሎች ከ«ቫር» ሥር ባለው «ደብሊውደብሊውደብሊው» ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡና ባለቤትነቱን ኢንጂንኤክስና ፒኤችፒ ለሚሠሩበት «ደብሊውደብሊውደብሊው-ዳታ» ለሚባለው ተጠቃሚ ይስጡ። ፎልደሮች 755፣ ፋይሎች 644 ፈቃድ ይኑራቸው (ባለቤቱ ይጽፋል፤ ሌላው ያነባል ብቻ)። «አልጽፍም» የሚል ስሕተት ሲመጣ ሁሉንም 777 (ማንም የሚጽፍበት) አድርጎ መገላገል የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ በሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም ፎቶዎቹን እንዲያጠፋ መፍቀድ ነውና አይሞክሩት። አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ የባለቤትነት እንጂ የፈቃድ አይደለም።

የመጠን ገደቦቹ

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ አስረዳለሁ። አንድ ፎቶ ከኮምፒውተርዎ ተነሥቶ አልበሙ ውስጥ እስኪገባ በተለያዩ በሮች ያልፋል፤ እያንዳንዱ በር የራሱ ገደብ አለው፤ ሲከለክልም የየራሱን መልእክት ይሰጣል።

የመጀመሪያው በር ኢንጂንኤክስ ነው። «ክላይንት_ማክስ_ቦዲ_ሳይዝ» የሚባለው መስመር ካልተጻፈ ኢንጂንኤክስ ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ጭነት አይቀበልም፤ የሚሰጠውም መልስ ስሕተት ቁጥር 413 ነው። ሁለተኛው በር ፒኤችፒ ነው፤ «አፕሎድ_ማክስ_ፋይልሳይዝ» 2 ሜጋባይት፣ «ፖስት_ማክስ_ሳይዝ» 8 ሜጋባይት ሆነው ይመጣሉ። የፒዊጎ የራሱ መጫኛ ገጽ ፎቶውን ቆራርጦ ስለሚልክ እነዚህን በሮች ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል፤ ቆራርጦ የማይልክ ሌላ ፕሮግራም ሲጠቀሙ ግን ገደቦቹ ይገጥሙዎታል። ሦስቱን ከውስጥ ወደ ውጭ እየሰፉ እንዲሄዱ አድርገው ያስተካክሏቸው፦ የፋይሉ ገደብ 50፣ የፖስቱ 60፣ የኢንጂንኤክሱ 64 ሜጋባይት። የውስጡ ከውጭው ከበለጠ ፎቶው የት ላይ እንደቀረ ለማወቅ ያስቸግራል።

ሦስተኛው በር ሚሞሪ ነው። ጄፔግ የታመቀ ፋይል ስለሆነ 10 ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶ ለማሳነስ ሲከፈት እጅግ ይገዝፋል። የ24 ሜጋፒክስል ምስል 6,000 በ4,000 ነጥብ (ፒክስል) ነው፤ ፒዊጎ ፎቶውን በጂዲ፣ ማለትም በፒኤችፒ የምስል ማሳነሻ፣ ሲያሳንስ እያንዳንዱ ነጥብ በ4 ባይት ስለሚያዝ አንዱ ፎቶ ብቻ 96 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። የሚሠራው ቅጂና የፕሮግራሙ ፍጆታ ሲጨመሩበት «ሜሞሪ_ሊሚት» ተብሎ የተቀመጠውን 128 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስሕተት 500 ወይም ባዶ ምስል ይታያል። ገደቡን ወደ 256 ሜጋባይት ከፍ ያድርጉት። በኡቡንቱ ላይ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም በአንድ ጊዜ እስከ 5 ሠራተኞች እንዲያሰማራ ተደርጎ ስለሚመጣ፣ አምስቱም እስከ ገደባቸው ቢጠቀሙ 1,280 ሜጋባይት ይሆናል። ሚሞሪው ከ2 ጊጋባይት አይነስ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከታርማበር ጫፍ ወይም ከምኒልክ መስኮት ላይ ተነሥተው የተቀጣጠሉ ሰፋፊ ፎቶዎች ካሉዎት ደግሞ አራተኛ በር አለ። በኡቡንቱ የሚመጣው ኢሜጅማጂክ «ፖሊሲ» በሚባለው ፋይሉ ውስጥ የምስሉ ስፋትም ሆነ ቁመት ከ16,000 ነጥብ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ገደቡን ለማስፋት ከመሞከር ይልቅ እንዲህ ያለውን ፎቶ ከመጫንዎ በፊት በኮምፒውተርዎ ላይ ወደ 15,000 ነጥብ ማሳነስ ይበልጥ ጤናማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ያቃጠለብኝን ነገር ላስጠንቅቅ። በኡቡንቱ ውስጥ የፒኤችፒ ማስተካከያ ፋይል ሁለት ነው፤ አንዱ በ«ሲኤልአይ» ሌላው በ«ኤፍፒኤም» ፎልደር ይገኛል። በትእዛዝ መስኮት ሲጠይቁ የሚነገርዎት የመጀመሪያው ነው፤ አልበሙን የሚገዛው ግን ሁለተኛው ነው። ኤፍፒኤምን አርመው አገልግሎቱን እንደገና ያስነሡት፤ ካላስነሡት አሮጌው ቁጥር ይቀጥላል። በዚያው ፋይል «ዴት.ታይምዞን» የሚለውን «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ያድርጉት።

የሳይቱ ማስተካከያ ፋይል

በኢንጂንኤክስ «ሳይትስ-አቬይለብል» ፎልደር ውስጥ ለአልበሙ አንድ ፋይል ይክፈቱ። «ሰርቨር» በሚለው ቅንፍ ውስጥ የሳይቱን ስም፣ የፎልደሩን መንገድና የመነሻ ገጹን ይጻፉ፤ በ«ፒኤችፒ» የሚያልቁ አድራሻዎችን ወደ ኤፍፒኤም ሶኬት (ኢንጂንኤክስ ከፒኤችፒ ጋር ወደሚነጋገርበት ፋይል) ይምሩ፤ የመጠን ገደቡን መስመርም እዚሁ ያስገቡ። ከዚያ ፋይሉን ከ«ሳይትስ-ኢኔብልድ» ጋር ያገናኙት። ባረሙ ቁጥር መጀመሪያ የኢንጂንኤክስን የፍተሻ ትእዛዝ ያስኪዱ፤ ፋይሉ ትክክል ነው ሲልዎት ብቻ «ሪሎድ» ያድርጉ።

አሁን ወደ ቁልፉ እንምጣ። ፒዊጎ ዋናዎቹን ፎቶዎች «አፕሎድ» እና «ጋለሪስ» በሚባሉ ፎልደሮች ይይዛል፤ አሳንሶ የሚሠራቸውን ቅጂዎች ደግሞ በ«_ዳታ» ውስጥ «አይ» በተባለው ፎልደር ያስቀምጣል። በሁለቱ የዋና ፎቶ ፎልደሮች ላይ «ሎኬሽን» የሚባለውን የአድራሻ ደንብ ይጻፉና «ዲናይ ኦል» (ሁሉንም ከልክል) ይበሉ። ከፎልደሩ ስም በፊት ^~ የሚለውን ምልክት ማድረግዎን አይርሱ፤ ኢንጂንኤክስ ይህን ምልክት ሲያይ ሌሎቹን አድራሻን በቅርጹ የሚለዩ ደንቦች፣ የፒኤችፒውንም ጭምር፣ ስለሚተው፣ አንድ ሰው ፎቶ አስመስሎ የፒኤችፒ ፋይል ቢያስገባ እንኳ እዚያ ውስጥ ሊሠራ አይችልም። ለ«አይ» ፎልደርም ያለ «ዲናይ» ተመሳሳይ ምልክት ያለው ሎኬሽን ይጻፉ፤ ፋይሎቹ ይታያሉ፤ ፒኤችፒ ግን አይሠራበትም። ከአፓቺ የመጡ ሰዎች በየፎልደሩ የሚያኖሩትን በነጥብ የሚጀምር የክልከላ ፋይል ኢንጂንኤክስ እንደማያነበው ማወቅ አለባቸው፤ እሱን ተማምነው የተዉት ፎልደር ክፍት ነው።

በዚያው ልክ በፒዊጎ የግል ማስተካከያ ውስጥ «ኦሪጂናል_ዩአርኤል_ፕሮቴክሽን» የሚለውን «ኢሜጅስ» ያድርጉት። ያን ጊዜ ዋናው ፎቶ የሚወርደው በቀጥታ አድራሻ ሳይሆን ፒዊጎ የጠያቂውን ፈቃድ ካየ በኋላ ይሆናል፤ ለምሳሌ ለሙሽሮቹ ብቻ እንዲወርድ ማድረግ ይችላሉ። ከቆለፉ በኋላ መጀመሪያ የሚፈትሹት ከማሳያው መጠን ያነሱ ፎቶዎችን ነው፤ ለእነርሱ የተለየ ቅጂ ስለማይሠራ የማይታዩ ካሉ የሚገኙት ከእነርሱ መካከል ነው።

ቅጂዎቹን ለስልክ ማቅለል

ከደብረ ሲና ወይም ከመሐል ሜዳ አልበሙን የሚከፍተው ሰው ጥቅል ገዝቶ ነው። አንድ ገጽ ላይ 30 ፎቶ ቢኖርና ዋናዎቹ ቢላኩ 300 ሜጋባይት ያስከፍለዋል፤ ይህ በሰው ገንዘብ መቀለድ ነው። ፒዊጎ ከትንሿ አራት ማዕዘን እስከ ትልቁ መጠን ድረስ ልዩ ልዩ ቅጂ ይሠራል፤ መካከለኛው 792 በ594 ነጥብ ሲሆን ለስልክ በቂ ነው። የጄፔግ ጥራቱ ግን 95 ሆኖ ስለሚመጣ ቅጂዎቹ ያለ አግባብ ይከብዳሉ። ወደ 82 አካባቢ ዝቅ ያድርጉትና የጓሳን ሣርና የጭላዳን ፀጉር በመሳሰለ ደቃቅ ነገር በሞላበት ፎቶ ላይ ያወዳድሩ፤ ልዩነቱን ዐይንዎ ካላየው በዚያው ይጽኑ።

ቅጂዎቹ የሚሠሩት መጀመሪያ ሲጠየቁ ስለሆነ አዲስ አልበም በብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲከፈት ሰርቨሩ ይጨናነቃል፤ ኢንጂንኤክስ ከፒኤችፒ መልስ 60 ሰከንድ ጠብቆ ካጣ ስሕተት 504 ይሰጣል። አድራሻውን ለሙሽሮቹ ቤተ ዘመድ ከመላክዎ በፊት በአስተዳዳሪው ገጽ የጅምላ ሥራ ክፍል ውስጥ ሁሉም መጠኖች አስቀድመው እንዲሠሩ ያዝዙ።

ለ«አይ» ፎልደር «ኤክስፓየርስ» 30 ቀን ያድርጉለት፤ የተመልካቹ ስልክ ያየውን ፎቶ ይዞ ስለሚቆይ ድጋሚ ሲከፍት ዳታ አይከፍልበትም። ጄፔግን በጂዚፕ ለማመቅ አይድከሙ፤ ቀድሞውኑ የታመቀ ነው።

ስምና ቀን

ፎቶዎቹ ብዙ ሲሆኑ በገጹ ከመጫን ይልቅ በፋይል መላኪያው ፕሮግራም በ«አርሲንክ» ወደ «ጋለሪስ» ፎልደር ልኮ ፒዊጎ እንዲያመሳስላቸው ማድረግ ይቀላል። 300 ፎቶ 3 ጊጋባይት ቢሆንና መጫኛው ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢሆን 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ወይም መስመር ቢቋረጥ አርሲንክ በ«ፓርሻል» አማራጩ ካቆመበት ይቀጥላል።

ነገር ግን ፒዊጎ ሲያመሳስል የሚቀበለው በላቲን ፊደል፣ በቁጥር፣ በሰረዝ፣ በታች ሰረዝና በነጥብ የተጻፈ የፋይል ስም ብቻ ነው፤ በአማርኛ የተሰየመውን ወይም ባዶ ቦታ ያለበትን ያልፈዋል። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በድር አድራሻ ውስጥ ደግሞ ወደ 9 ምልክት ስለሚዘረዘር፣ «አንኮበር» የምትለው አምስት ፊደል ብቻዋን 45 ምልክት ትሆናለች። ስለዚህ ፋይሉን በላቲን ፊደል ይሰይሙ፤ ርእሱን፣ መግለጫውንና የአልበሙን ስም ግን ያለ ሥጋት በአማርኛ ይጻፉ፤ ተመልካች የሚያየው ይህንን ነው።

ቀን የእኛ አገር የተለየ ጣጣ አለበት። ካሜራ ፎቶው ውስጥ የሚጽፈው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ፒዊጎም በእሱ ይደረድራል። ብዙ ካሜራዎች ግን በእኛ ዘመን አቆጣጠርና በእኛ ሰዓት ተሞልተው ይገኛሉ። ጥር 13 ቀን 2009 ዓ.ም. የተነሣ የአንድ ሰርግ ፎቶ ለማደራጀት ስቀመጥ ሰርጉ በሙሉ በሜይ 13 ቀን 2009 ሥር ገብቶ፣ ከብዙ ዓመት በፊት በተነሡ ፎቶዎች መካከል አገኘሁት፤ ትክክለኛው ቀን ጃንዋሪ 21 ቀን 2017 ነበር። ጠዋት 4 ሰዓት የተነሣውም ሌሊት 4 ሰዓት ተብሎ ተመዝግቧል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካሜራው አንዴ ከተሞላ በኋላ ቀን የሚቆጥረው ሳያዛንፍ ስለሆነ ልዩነቱ ለሁሉም ፎቶ አንድ ነው። በዚያ ሰርግ ልዩነቱ 2,810 ቀንና 6 ሰዓት ነበር። «ኤግዚፍቱል» በሚባለው ፕሮግራም የፎልደሩን ቀኖች በሙሉ በዚህ መጠን ወደፊት አስኬድኳቸው። ፕሮግራሙ የነበረውን ፋይል በሌላ ስም ስለሚያስቀምጥ ብሳሳትም መመለስ እችል ነበር። እርማቱ ከመጫን በፊት ይሠራ፤ ካሜራውም በዚያው ቀን ይስተካከል። ማስተካከሉ ከተረሳ የቀጣዩ ሰርግ ፎቶም ይህንኑ ሥራ ይጠይቃል።

ለሁሉ የማይታየውን መጠበቅ

የጎራ ስሙን (ዶሜይኑን) ወደ ሰርቨሩ ካመለከቱ በኋላ ከሌትስ ኢንክሪፕት በ«ሰርትቦት» አማካይነት የደኅንነት ሰርተፊኬት በነፃ ይውሰዱ። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው 90 ቀን ነው፤ ሰርትቦት በራሱ እንዲያድስ ይሆናል፤ ለማደስ ግን የሰርቨሩ በር (ፖርት) 80፣ ተመልካቹ አልበሙን እንዲከፍት ደግሞ በር 443 ክፍት መሆን አለባቸው። በዚሁ የ443 መስመር ላይ «ኤችቲቲፒ2» የሚለውን ቃል ይጨምሩ፤ ብዙ ትናንሽ ምስሎች በአንድ ግንኙነት ስለሚላኩ ገጹ ይፈጥናል።

በፒዊጎ አንድን አልበም የግል ማድረግና ለተወሰኑ ተጠቃሚዎች ብቻ መፍቀድ ይቻላል። ሆኖም አንድ ክፍተት አለ፤ የአልበሙ ገጽ ቢዘጋም በ«አይ» ፎልደር ያለው ቅጂ ትክክለኛ አድራሻውን ለሚያውቅ ሰው ይከፈታል። በፒዊጎ ገጽ የተጫነ ፎቶ በቀንና በዘፈቀደ ምልክት ስለሚሰየም ሊገመት አይችልም፤ ከካሜራው እንደወጣ ተከታታይ ቁጥር ይዞ የተመሳሰለው ግን ይገመታል። የሰርግ፣ የልጆችና የሐዘን ፎቶዎችን ስለዚህ በገጹ በኩል ብቻ ይጫኑ፤ ማመሳሰሉን ለአደባባይ ፎቶዎች ይተዉት።

በስልክ የተነሡ ፎቶዎች የተነሡበትን ቦታ በውስጣቸው ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ በኢሜጅማጂክ የሚሠሩት ትልልቅ ቅጂዎችም ይህን መረጃ አብረው ሊያሳልፉት ይችላሉ። የሰው ቤት የሚገኝበት ነጥብ ወይም ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ግልገሎቿን ያኖረችበት ጉድጓድ በካርታ ላይ መታየት የለበትም። የቀን እርማቱን ሲሠሩ በዚያው በኤግዚፍቱል የቦታ መስኮቹን ከሚጫነው ቅጂ ላይ ያጥፉ፤ እቤት የሚቀረው ዋናው እንዳለ ይቆይ።

መጠባበቂያ

መትረፍ ያለባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ዋናዎቹ ፎቶዎች፣ ርእስና ፈቃድ ሁሉ ያለበት ዳታቤዝ፣ እና የፒዊጎ «ሎካል» ፎልደር ከኢንጂንኤክስ ፋይል ጋር። የ«አይ» ፎልደር እንደገና ስለሚሠራ ቦታ አይውሰድ። ዳታቤዙ በየሌሊቱ በ«ማይኤስኪውኤልደምፕ» ወደ አንድ ፋይል እንዲገለበጥ ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው በ«ክሮን» ይዘዙ፤ ፎቶ ቤት ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ጠዋት ሲበራ አዲሱን ብቻ በአርሲንክ ያምጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ መመለሱን ይሞክሩ። በኮምፒውተርዎ ላይ ባዶ ዳታቤዝ ፈጥረው የተገለበጠውን ፋይል ያስገቡበት፤ ከዚያ አንድ የአማርኛ ርእስ ያለው አልበም ይፈልጉና ፊደሉ ሳይበላሽ መምጣቱን፣ የፎቶዎቹም ቁጥር በሰርቨሩ ካለው ጋር እኩል መሆኑን ያመሳክሩ። ርእሱ በጥያቄ ምልክት ከተሞላ ግልበጣው የተደረገው ያለ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሊሆን ይችላል፤ የሌሊቱን ትእዛዝ አርመው ዳግመኛ ይገልብጡ።